ያልተሳፈሩበት መኪና

በቅርቡ ያረፉት አክስቴ የፍቅር ልብወለዶቻቸውን በራሳቸው ገንዘብ እያሳተሙ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ መናኸሪያ በር ላይ ይሸጡ ነበር። የማልረሳው አንድ ልማድ ነበራቸው። ፍቅረኞች የሚለያዩበትን ምዕራፍ ከመጻፋቸው በፊት፣ ተለይታ የምትሄደው ልጅ በምትሄድበት መንገድ ራሳቸው ተሳፍረው ይሄዳሉ።

«እኔ ያልተሳፈርኩበት መኪና ላይ ሰው አላሳፍርም» ይሉ ነበር።

በመጨረሻው ልብወለዳቸው ሁለተኛ ክፍል ላይ ባለታሪኳ ፍቅረኛዋን ትታ ከካምባ ወደ አርባ ምንጭ ልትመጣ ነበር። አክስቴ ግን ሳንባቸውን ታመው አልጋ ስለያዙ እኔን ላኩኝ። ስመለስ ያየሁትን አንድ በአንድ ነገርኳቸው፤ ጭቃውን፣ ጭጋጉን፣ ጣሪያው ላይ የታሰሩትን ዶሮዎች፣ አጠገቤ አንዲት ሴት መቀመጧን፣ ረዳቱ በሩን በገመድ ማሰሩን ሳይቀር።

«ቆይ፣ አጠገብህ የተቀመጠችው ሴት መኪናው ሲነሳ ወደ ኋላ ዞራ አየች?»

«እሱን እንኳ ልብ አላልኩም፣ እትዬ።»

«ዶሮ ስታይ ሰው አመለጠህ!» ብለው ሳቁ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። «በቃ፣ ሲሻለኝ ራሴ እሄዳለሁ።»

አልተሻላቸውም።

ከቀብሩ በኋላ የማተሚያ ቤቱ ሰውዬ «መንገዱን አይተኸዋል፣ አንተ ጨርሰው» አለኝ። ሞከርኩ። ጭቃውንም ጭጋጉንም ጻፍኩ፤ ልጅቷ ግን አልሳፈር አለችኝ።

አክስቴ ይቆሙበት በነበረው ቦታ አሁን የሞባይል ካርድ ይሸጥበታል። የመጀመሪያውን ክፍል ያነበቡ ሰዎች እዚያ ሲያገኙኝ «ልጅቷ መጣች?» ይሉኛል።

አልመጣችም። ጓዟን ይዛ ካምባ እንደቆመች ናት፤ የሚያሳፍራት ሰው የለም።