የቦሬ በረዶ፣ የገናሌ ሎሚ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ከማቀዝቀዣው አንድ ጎድጓዳ ሳህን አወጣችና በማንኪያ እየፋቀች ብርጭቆ ሞልታ ሰጠችኝ። ከሐዋሳ ለዕረፍት ስትመጣ አዲስ ነገር ሳትይዝ አትመጣም። የዘንድሮው ከስልኳ አይታ የተማረችው የሎሚና የብርቱካን ጭማቂ በረዶ፣ ሸርቤት ነው። ተቀበልኳትና ብርጭቆውን እግሬ ሥር፣ ምንጣፉ ላይ አስቀመጥኩት።

«እማዬ፣ ይቀልጣል እኮ!»

«ይቅለጥ» አልኳት።

ፊቷ ቅጭም አለ። ስትደክም ውላ ስለነበር አልፈረድኩባትም። ነገሩ ግን በአንድ ቃል የሚያልቅ አይደለምና እዚህ ልጻፈው።

ሃያ ዓመት ገና አልሞላኝም ነበር። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ነገሌ ውስጥ መብራት ማታ ማታ ለጥቂት ሰዓት ብቻ ይበራል፤ «ቀዝቃዛ» የሚባለው ለስላሳም እርጥብ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ የዋለ ጠርሙስ ነበር። እኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ወድቄ ቤት ተቀምጫለሁ። አባቴ አዲስ አበባ አክስቴ ዘንድ ሄጄ የጽሕፈት መኪና እንድማር ወስኗል። አባቴ ከሰሜን ሸዋ በእርሻ ቢሮ ሥራ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። ጥሩ ነገር ሁሉ ወደ ሰሜን ያለ ይመስለዋል፤ እሱ ራሱ ግን ለመመለስ አንድም ቀን ሻንጣ አላነሳም።

እኔ መሄድ አልፈለግሁም። የእኔ አገር ይሄ ቀይ አፈርና ይሄ ግራር ነው። ከጓደኛዬ ከቱሜ ጋር አንድ ሐሳብ ነበረን። የቤታችን የፊት ክፍል ወደ መንገዱ ይከፈታል፤ ውስጡ የአባቴ አሮጌ ጋዜጣና የዘር ጆንያ ብቻ ነው ያለው። ለምን ቀዝቃዛ መጠጥ አንሸጥበትም? የቱሜ አክስት ሜጋ ላይ ሻይ ቤት ነበራት፤ ከዚያ በፊት ድንበር ተሻግራ ሠርታ ስለነበር ሸርቤት እንዴት እንደሚረጋ ነግራናለች። ሎሚና ስኳሩን በቆርቆሮ ጣሳ አድርጎ፣ ጣሳውን በረዶና ጨው በሞላው ባልዲ ውስጥ ማሽከርከር። በቃ።

ጨው ሞልቶናል፤ ሜጋ አጠገብ ካለው የጉድጓድ ሐይቅ ሰው ጠልቆ የሚያወጣው፣ ለከብት የሚሰጠው ጥቁር ጨው በየጓሮው አለ። ሎሚና ብርቱካኑም ከገናሌ ዳር ይመጣል። የጠፋው በረዶ ነው።

«በረዶ ከየት ታመጫለሽ?» አለኝ አባቴ።

«ከቦሬ። በክረምት ይጥላል። የቱሜ ወንድም ሊበን በአይሱዙው ገብስና ድንች ሲያመጣ ይጭንልናል።»

አባቴ ከት ብሎ ሳቀ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ደግሞስ በወተት አገር ሎሚ ማን ይጠጣል? አባ ጉዮ ከወተትና ከሻይ ሌላ ነገር ጠጥተው ጥሩ ነው ካሉ፣ ክፍሉን ውሰጂው። ካልሆነ ግን አዲስ አበባ ትሄጃለሽ።»

ለቀልድ ነው ያለው፤ እኔ ግን ያዝኩት። አባ ጉዮ የቱሜ አያት ናቸው። አባቴ ገና እንደመጣ ወባ ሲጥለው፣ ሳያውቁት ወተት በየጠዋቱ እየላኩ ያነሱት እሳቸው ነበሩና፣ ከአፋቸው የወጣውን አባቴ አይሽርም።

ከዚያ በኋላ ኑሮዬ ሰማይ ሰማይ ማየት ሆነ። በእኛ በኩል ሰማዩ ሰማያዊ ነው፤ የቦሬን ደመና ከዚህ ማን ያየዋል? ሊበን ሁለቴ ባዶውን መጣ። እናቴ ልብሴን ማጠፍ ጀመረች። በሦስተኛው ግን አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሩቅ የመኪና ጥሩምባ ሰማሁ፤ ሊበን ያን ያህል የሚያስጮኸው ለሠርግ ብቻ ነበር። ጆንያው በገብስ ገለባ ተጠቅልሎ፣ ከድንቹ መሐል ተቀብሮ ነው የመጣው። «ክብረ መንግሥት ላይ ምሳ እንኳ አልበላሁም» አለን። ካልታዘልኩ አላምንም እንዳለችው ሙሽራ፣ እጄን እስከ ክንዴ ገለባው ውስጥ ካልከተትኩ አላመንኩም። ግማሹ ቀልጧል፤ የቀረው ግን እንደ ሽምብራ ፍሬ እጄ ላይ ይንኳኳ ነበር።

ቱሜ አያቷን ልትጠራ ከብት ተራ ሮጠች፤ የገበያ ቀን ስለነበር እዚያው ነበሩ። እኔ ሎሚውን ጨመቅሁ። የሎሚ ልጣጭ ሽታና የእርጥብ ገለባ ሽታ አንድ ላይ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ። እናቴ ጨው ስጨምር አይታ «ኧረ ወይንሸት፣ ጨው በረዶ ያቀልጣል እንጂ መቼ ያረጋል? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው» ትላለች። ጣሳውን ግራ ቀኝ አሽከረከርኩት፤ ጣቶቼ ደነዘዙ። ክዳኑን ስከፍተው ዳር ዳሩ ነጭ ሆኖ ተጋግሯል። እልል ማለት ቃጣኝ።

አባ ጉዮ በትራቸውን ይዘው ገቡ። «አካም፣ ናጋ?» ተባባልን። ዱካ ላይ ተቀመጡ፤ አባቴም «እንኳን ደህና መጡ አንቱ» ብሎ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠ። ሸርቤቱን በሻይ ብርጭቆ ቆልዬ በሁለት እጄ አቀረብኩላቸው፤ ለአባቴም አንድ ሰጠሁት። ቅዝቃዜው ሲነካቸው ደንገጥ አሉ፤ ብርጭቆውን ቀስ ብለው እግራቸው ሥር አስቀመጡት።

«ኢንታላ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «አዲስ ነገር ሳይመረቅ አይቀመስም።»

ቱሜና እኔ ተያየን። ቦረና ውስጥ ተወልደን አድገን፣ ሽማግሌ መጀመሪያ እንደሚመርቅ እያወቅን፣ አስቀድመን ቀድተናል! ምርቃቱ ሲያልቅ መቅዳት እንችል ነበር። የአባ ጉዮ ምርቃት ደግሞ በርዝመቱ የታወቀ ነው።

«ናጋ!» አሉ እጃቸውን ዘርግተው፣ ሰላም ይሁን እንደ ማለት።

«ናጋ» አልን ሁላችንም።

አገሩን መረቁ፤ ናጋ። ላሞቹን መረቁ፤ ናጋ። ኤላውን፣ ያን የከብቱን የውሃ ጉድጓድ፣ ቀጥሎ መንገዱን፣ ቀጥሎ የሊበንን መኪና ከነጎማው። አይተውት የማያውቁትን የአባቴን አገር ሳይቀር መረቁ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ናጋ እላለሁ፤ ዓይኔ ግን ብርጭቆው ላይ ነው። ቁልሉ ጎበጠ። ከዚያ አዘነበለ። ከዚያ እንደ ትንሽ ደሴት ተንሳፈፈ። አባቴ ከጢሙ ሥር ፈገግ ሲል አየሁት፤ እናቴ ደግሞ አፏን በነጠላዋ ሸፍናለች። የአዲስ አበባ አውቶቡስ ዓይኔ ላይ መጣና እንባዬን በእጄ ጀርባ ጠረግሁ።

«ዝናብ ይዝነብ!» አሉ በመጨረሻ።

«ናጋ!»

ጎንበስ ብለው ብርጭቆውን አነሱ። ወደ ውስጥ አዩ። ቅድም ነጭ ክምር የነበረው አሁን ጥርት ያለ ውሃ ነው። አንድ ጊዜ ተጎነጩ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ እስከ መጨረሻው ጠጡትና ባዶውን ብርጭቆ ወደ ቱሜ ዘረጉ።

«ድገሚ።»

ቱሜ ከጣሳው የቀለጠውን ስትቀዳ ወደ አባቴ ዞሩ። «አየህ አይደል? ድንጋይ ነበር። ዝናብ ለመንን። ዝናብ ሆነ። ጣፋጭ ዝናብ! ከወተት ቀጥሎ እንዲህ ያለ አልጠጣሁም።»

አባቴ የራሱን ብርጭቆ አንስቶ፣ እሱም የቀለጠውን ጠጣ። በማግስቱ ጠዋት ስነሳ የፊተኛውን ክፍል ከፍቶ የጋዜጣ እስሩን ራሱ ወደ ጓሮ ሲያወጣ አገኘሁት። «ዝም ብለሽ ትቆሚያለሽ? ያንን ጆንያ ያዢ እንጂ» አለኝ። የአዲስ አበባ ነገር ዳግም አልተነሳም። እኔም ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ ቱሜ ቤት እስክደርስ ሮጥኩ።

በዚያ ክፍል ከቱሜ ጋር ብዙ ዓመት ሠራን። በረዶ ሲገኝ በበረዶ፣ ሳይገኝ በእንስራ ውሃ። ሹፌሩም ነጋዴውም «የአባ ጉዮን ዝናብ ቅጂልኝ» ይል ነበር እንጂ ሸርቤት ያለን ሰው አልነበረም። እዚያው ባሌን አገኘሁ፤ ይህችን ከሐዋሳ የምትመጣ ልጅም እዚያው ጠረጴዛ ሥር ነው ዳዴ ያለችው። አባ ጉዮም አባቴም ዛሬ የሉም። ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ፤ አባ ጉዮ የቀሯቸው ጥርሶች ጥቂት ነበሩ። ሳይመርቁ በረዶውን ነክሰውት ቢሆን ምናልባት ተፍተውት ነበር፤ እኔም የማላውቀው ቢሮ ውስጥ የሰው ደብዳቤ በጽሕፈት መኪና ስመታ ባረጀሁ ነበር። ያ ረጅም ምርቃት ያጠፋብኝ መስሎኝ ያለቀስኩበትን ነገር ነው ያቃናልኝ።

ቅዳሜ ዕለት ይህንን እያሰብኩ ሳለ ቱሜ እንደ ልማዷ ሳታንኳኳ ገባች። ልጄ ለእሷም ሞልታ ሰጠቻት፤ «እትዬ ቱሜ፣ አንቺ እንኳ ሳይቀልጥ ብይልኝ።» ቱሜ ብርጭቆውን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ ከእኔ ብርጭቆ አጠገብ ምንጣፉ ላይ አኖረችው።

«ኧረ እናንተ ሰዎች!» አለች ልጄ፣ «ምን እየጠበቃችሁ ነው?»

«ዝናብ» አለቻት ቱሜ።