ያልሰጠ አይጻፍም

አጎቴ ሐዋሳ ውስጥ ድንጋይ ቀራጭ ነበሩ። በደርግ ጊዜ ታቦር ተራራ ሥር ባለው የሕፃናት ማሳደጊያ ግድግዳ ላይ የለጋሾችን ስም ሲቀርጹ፣ ዓሣ የሚሰጡትን የአሞራ ገደል ገበያ ሴቶች ከፒያሳ ነጋዴዎች እኩል አድርገው ጻፏቸው። «ያልሰጠ አይጻፍም» ይሉ ነበር ሁልጊዜ።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር መጣና «ስሜን ከሁሉም በላይ ጻፍ!» አላቸው።

«ምን ሰጡ?»

«ፈቃድ ሰጠሁ!»

«ፈቃድ ልጅ አያጠግብም። አልጽፍም።»

አሳሰራቸው። ሲፈቱ የቀኝ እጃቸው ጣቶች ተሰባብረው ነበር፤ እስኪሞቱ ድረስ መሮ አልያዙም።

ሊቀመንበሩ ለቅሶ ቤት መጥቶ «ነፍስ ይማር» ሲል፣ እናቴ በነጠላዬ ብትጎትተኝም ተነሣሁ። «ጣታቸውን ያሰበርከው አንተ ነህ፤ ውጣ!» አልኩት። ለቀስተኛው ሁሉ ፊቱን አዞረበት፤ ብቻውን ወጣ።

አልበቃኝም። የአጎቴ መቀመጫ ባዶውን ቀርቷል፤ ሊቀመንበሩ ግን ዛሬም በጤነኛ እጁ ይጎርሳል። ይቅር በዪው ይሉኛል። አልልም።