የአቶ ሃርላን የአደን ምስክር ወረቀት

አርሊስ ብሬከ በሰሜን ዊስኮንሲን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ትነዳለች። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ደግሞ በእሳት አደጋ ጣቢያው አዳራሽ ውስጥ የአደን ጥንቃቄ በነፃ ስታስተምር ኖራለች። ከወረዳው አዳኞች የግማሾቹ ምስክር ወረቀት ላይ የእሷ ፊርማ አለበት። ሳቂታና ተጫዋች ናት፤ በጠመንጃ ነገር ግን ቀልድ አታውቅም።

ባለፈው ነሐሴ በአሥራ ሁለት ዓመት ልጆች መሃል አቶ ሃርላን ትቬት መጥተው ተቀመጡ። ጎረቤቷ ናቸው፣ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። አባቷ ሲሞት ተኩስ ያስተማሯት እሳቸው ነበሩ። ልጆቹ ሲስቁባቸው፣ «ምን ታደርጉታላችሁ፣ ክፍል እየደገምኩ እዚህ ደረስኩ» ብለው ይባስ አሳቋቸው።

ያመጣቸው የታላቅ ወንድማቸው የሌናርድ ጉዳይ ነበር። ሌናርድ የሚኖረው ኮሎራዶ ነው። ሁለቱ በጋራ ሲያመለክቱ አሥራ አንድ ዓመት ቆይተው ትልቁን አጋዘን፣ ኤልክን፣ እዚያ ለማደን የፈቃድ ዕጣ ወጣላቸው። ሌናርድ ሳንባው አልቆ በኦክስጅን ነው የሚተነፍሰው፤ ሌላ ዓመት እንደማይደግም ሁሉም ያውቃል። ዊስኮንሲን ሽማግሌዎቹን ወረቀት አትጠይቅም። ኮሎራዶ ግን በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1949 መግቢያ ወዲህ የተወለደውን ሁሉ ትጠይቃለች። ሌናርድ በ1947 ስለተወለደ አይመለከተውም። አቶ ሃርላን የተወለዱት በ1949 የካቲት ነው። በሁለት ወር ተያዙ።

የጽሑፉን ፈተና አንድም ሳይስቱ አለፉ። የቀረው የሜዳው ነበር፤ በውሸት ጥይት፣ ጥንድ ጥንድ እየሆኑ የሽቦ አጥር መሻገር። ሕጉ አጭር ነው፦ ጥይቱን አውጣ፣ ጠመንጃውን ከሽቦው ሥር መሬት ላይ አስተኛ፣ ከዚያ ተሻገር። አቶ ሃርላን አጥሩ ጋ ሲደርሱ ጥንዳቸው የሆነችው ልጅ ቀድማ ተሻግራ ነበር። ጥይቱን ሳያወጡ ጠመንጃውን በሽቦው ላይ አሻግረው «እንኪ» አሏት። አፈሙዙ ደረቷ ላይ ነበር። ስድሳ ዓመት ሙሉ ከአጥር ወዲያ ቆሞ የሚቀበላቸው ሌናርድ ነበርና እጃቸው ሌላ አያውቅም።

አርሊስ ልጆቹን አሰናብታ ከአውቶቡሷ አጠገብ አነጋገረቻቸው።

«ጋሼ፣ ልፈርምልዎት አልችልም። የሜዳውን የወደቀ ትምህርቱን ከመጀመሪያው መድገም አለበት።»

«አደኑ በመስከረም አጋማሽ ይከፈታል። ቀጣዩ ትምህርትሽ መቼ ነው?»

«ጥቅምት።»

አልለመኗትም። ቢለምኗት ይቀላት ነበር። ጠመንጃ ሳይዙም ቢሆን ከወንድምዎ ጋር ይሂዱ፣ አይከለከልም ብላ ተከራከረቻቸው። እሳቸው ግን ኩራታቸው ያዛቸው፤ የእሱን ስንቅና ኦክስጅን ተሸክሜ ልከተለው ነው እንዴ ብለው መኪናቸውን አስነሡ። አርሊስ የዚያን ዕለት እራት አልበላላትም።

መስከረም አለፈ። ሌናርድም ብቻዬን አልወጣም ብሎ ቤቱ ቀረ፤ በወሩ መጨረሻም ሞተ። ወሬውን አርሊስ የሰማችው ከፖስታ ቤቷ ሴትዮ ነው። ቀብር ደርሰው ሲመለሱ ልታጽናናቸው ምግብ ይዛ ሄዳ ደጃቸው ላይ ቆመች፤ ተቀበሏት፣ አመሰገኗት፣ ግቢ ግን አላሏትም።

በጥቅምት አዳራሹን ስትከፍት ቀድመው ደርሰው ቆመው አገኘቻቸው። ከመጀመሪያው ጀምረው ሁሉንም ተማሩ፤ በዚህኛው ጊዜ አልቀለዱም። አጥሩ ጋ ሲደርሱ ጥይቱን አወጡ፣ ጉልበታቸው እየተንቋቋ ተንበርክከው ጠመንጃውን መሬት ላይ አስተኙ፣ ሽቦውን ይዘው ቀስ ብለው ተሻገሩ። ጎንበስ ብለው ራሳቸው አነሡት።

ልትፈርም ስትቀመጥ፣ «አሁን የት ሊያድኑበት ነው?» አለቻቸው።

«የትም። ሌናርድን ‹ወረቀቱን አግኝቻለሁ፣ የቀረሁት ጉልበቴን አሞኝ ነው› ብዬ በስልክ ዋሽቼው ነበር። ‹እንኳን ደስ ያለህ፣ በስተርጅና ተማሪ ሆንክ› ብሎ ሲስቅብኝ ትንፋሽ አጠረው። ያንን አምኖ ነው የሞተው።» ወረቀቱን በጣታቸው ነክተው ጨመሩ፦ «ቀኑን የነሐሴ አድርጊልኝ፣ ልጄ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

አርሊስ እስክሪብቶውን ይዛ ቆየች። ከዚያ የዕለቱን ቀን፣ የጥቅምቱን፣ ጻፈችና ፈረመች።

አቶ ሃርላን መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ወረቀቱን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱ።

«ልክ ነሽ» አሉ። «ዋሾው እኔ ነኝ፣ አንቺን ምን አገባሽ።»

እሳቸው ሲወጡ አርሊስ አዳራሹ ውስጥ ብቻዋን ቀረች። ሁለቱንም ጊዜ ትክክል ነበረች፤ ያን ታውቃለች። ወንበሮቹን እየደራረበች አለቀሰች።