ሲራድና የአጎቷ በጎች

በበርበራ ወደብ መቆጣጠሪያ ማማ ላይ እንደ ሲራድ አወሌ ያለ ጭንቀታም ሰው ተቀምጦ አያውቅም። ይህን የምለው ላማት ብዬ አይደለም፤ ለዓመታት ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ስላየኋት ነው። እኔ ከመርከቦቹ ጋር በሬዲዮ የማወራው ሰውዬ ነኝ። እሷ ደግሞ የትኛው መርከብ በየትኛው መቆሚያ መቼ እንደሚጠጋ የሚመድበው ሰው ረዳት ነበረች። ቤቷን ቆልፋ ትወጣና መቆለፏን ለማረጋገጥ ትመለሳለች፤ ሻይ ታዝዝና ባለሻዩ ረስቷት እንደሆነ ደግማ ትጠይቃለች። ሲጨንቃት የሻሿን ጫፍ ታኝካለች። ያልታኘከ ሻሽ ያላት አይመስለኝም።

ወደቡ ውስጥ የገባችው በር ላይ የጭነት መኪና መዛኝ ሆና ነው። መኪኖቹ ሙሉ ቀን በፀሐይ ተሰልፈው ሲውሉ ታይና የበሩን ኃላፊ በጥያቄ ታጣድፈው ነበር።

«ለምንድን ነው የሚቆሙት?»

«መርከቡ ስላልተጠጋ።»

«መርከቡስ ለምን አልተጠጋም?»

«ቦታው ላይ ሌላ ስላለ።»

«ሌላውስ ለምን አይወጣም?»

ሰውዬው በመጨረሻ «እህቴ፣ ሂጂና ተማሪው፤ እኔን አታድርቂኝ» አላት። እሷም ሄዳ ተማረችው። የባሕር ትራንስፖርትና ዘመናዊ የወደብ አስተዳደር የሚባለው ትምህርት ለሠራተኞች ሲከፈት ከመጀመሪያዎቹ ተመዝጋቢዎች አንዷ እሷ ነበረች፤ ከሴት ደግሞ እሷ ብቻ። ከሥራ መልስ ትማራለች፣ በምሳ ሰዓት ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ታጠናለች። የመርከብ ርዝመት፣ የውኃ ጥልቀት፣ የነፋስ ጉልበት፣ የጭነት ዓይነት፣ ሁሉንም ለብቻዋ እያነበነበች ስትወጣና ስትወርድ የጽዳት ሠራተኞቹ ጂን የያዛት መስሏቸው ቁርኣን ሊያስነብቡላት ነበር።

ያሳደጓት ሐጂ ዋርሳሜ ናቸው፣ የእናቷ ወንድም። እናቷ ስትሞት ከራሳቸው ልጆች ጋር ቀላቅለው አስተማሯት። በየዓመቱ ለሐጅ ወደ ጅዳ በግ የሚልኩ ነጋዴ ናቸው። ጎረቤቱ «ባሕር የሴት ሥራ ነው እንዴ?» ብሎ ሲያጉረመርም፣ «ወንዶቹ ሲያስተዳድሩት አይተን የለም እንዴ፤ እስቲ ደግሞ እሷን እንያት» አሉና አፉን አስያዙት። እኔም በቦታው ነበርኩ፤ ነገሩ እኔንም የነካ ስለመሰለኝ አቀርቅሬ ሻዬን ጠጣሁ።

የትምህርቱ የመጨረሻ ፈተና በወረቀት የሚሰጥ አልነበረም። ተማሪው ለአንድ ሳምንት የመዳቢውን ወንበር ብቻውን ይይዛል፤ ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ያሳለፈውን ውሳኔ ሁሉ ያስረዳል። መምህሩ ምዋቺሮ የሚባሉ ከሞምባሳ የመጡ ዝምተኛ ሰው ናቸው፤ ዝንጅብል ከአፋቸው አይጠፋም። ሲራድ ካለፈች ወንበሩ ለሁልጊዜ የሷ ይሆናል። ከወደቀች ረዳት ሆና ትቀራለች፤ «ድሮም ብለን ነበር» የሚለውም ሰው ሞልቷል።

የሷ ሳምንት ከሐጅ ዋዜማ ጋር ገጠመ። ኸሪፍም የሚጀምርበት ሰሞን ነው፤ ከተራራው በኩል የሚወርደው ያ የእሳት ነፋስ፣ አቧራውን ይዞ ሲመጣ ሰው የሚተነፍሰው የሚያጣበት። የከተማው ግማሽ ወደ ደጋዎቹ ከተሞች፣ ወደ ሼክና ወደ ሐርጌሳ ወጥቷል። እኔም ሚስቴንና ልጆቼን ሸኝቼ በደረቅ ዓሣና በሩዝ ነበር የምኖረው። በዚያ ሰሞን በርበራ የሚቀረው ወይ ሥራ የያዘው ነው ወይ የሚሄድበት የሌለው።

ሲራድ የመጀመሪያዎቹን ቀናት በደንብ ተወጣቻቸው። ሻሿ አለቀ እንጂ መርከቦቹ በሥርዓት ገብተው በሥርዓት ወጡ። የምትፈራው አንድ ቀን ብቻ ነበር፤ የአጎቷ በጎች የሚጫኑበትን።

ያ ቀን መጣ። ከወደቡ ውጭ ሁለት መርከቦች መልሕቅ ጥለው ይጠብቃሉ። ቀድማ የመጣችው የቤት መሥሪያ ብረት የጫነች ናት፤ ኋላ የመጣችው የሐጂ ዋርሳሜን በጎች ልትጭን ነው። ማለዳ ላይ ለሁለቱም ቦታ ስለነበራቸው በጎቹ ለጤና ምርመራ ከቆዩበት ከከተማ ውጭ ካለው ማቆያ ወጥተው በመኪና መጡና መጫኛው ዳር ባለው አጥር ውስጥ ገቡ። ረፋዱ ላይ ግን ስንዴ አራግፋ ልትወጣ የነበረች መርከብ ሞተሯ አልነሣ አለና ቦታዋ ላይ ተገትራ ቀረች። አሁን ሁለት መርከብ፣ አንድ መቆሚያ ሆነ። በጎቹን መመለስ አይታሰብም፤ ከማቆያ የወጣ በግ እንደ አዲስ ካልተመረመረ አይገባም፣ እስኪመረመር ደግሞ ሐጁ ያልፋል።

ደንቡ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይጠጋል ይላል። ዝቅ ብሎ ግን ሌላ አንቀጽ አለው። እንስሳት ከማቆያ ወጥተው መጫኛው ዳር ከደረሱና ኸሪፍ ከተነሣ፣ ተራው ይቀርና የእንስሳቱ መርከብ ይቀድማል። ባለቤቱ ማንም ይሁን ማን። ሲራድ ይህን አንቀጽ በቃሏ ታውቀዋለች፤ ደረጃው ላይ ስታነበንበው እኔም ሳልፈልግ ሸምድጄዋለሁ።

ነፋሱ ገና ሳይነሣ ቡረሌ ማማው ላይ ወጣ። የብረቷ መርከብ ወኪል ነው፤ ምላሱ ሥራ የማይፈታ ሰው።

«ሲራድ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለ በሩን ተደግፎ። «ወረፋ የሚሉት ነገር አጎት አለው?»

«ሥራ ላይ ነኝ ቡረሌ።»

«አይ፣ ለማወቅ ነው። ታች ሰዎቹ እየተወራረዱ ነው። እኔ ‹የተማረች ልጅ ናት› ብዬ ተከራከርኩልሽ። እንዳታዋርጂኝ።»

«ቡረሌ፣ ውረድልን» አልኩት።

«ወረድኩ፣ ወረድኩ። ሰላምታ ለሐጂ።» እየሳቀ ሄደ።

ሲራድ የሻሿን ጫፍ አፏ ውስጥ ከተተች። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ተራራው በአቧራ ተሸፈነ፣ የማማው መስኮቶችም መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ኸሪፍ ተነሣ። በመነጽር ሳይ ሰዎች በባልዲ ውኃ እያመላለሱ በጎቹ ላይ ያፈሳሉ። ሐጂ ዋርሳሜ ኩታቸውን አውልቀው ውኃ ውስጥ ነክረው አንዷ በግ ላይ ሲያለብሱ አየሁ።

ስልኳ ጮኸ፤ ሐጂ ዋርሳሜ ናቸው። ከነፋሱ ጋር ስለሚታገሉ ድምፃቸው እኔም ዘንድ ይሰማ ነበር።

«አብቲ፣ ነፋሱ መጣ። በጎቹ አፋቸውን ከፍተው ቆመዋል።»

«አየሁ፣ አብቲ።» አጎትና የእህት ልጅ ‹አብቲ› ነው የሚባባሉት።

«ለኔ ብለሽ ምንም አድርጊ አልልሽም። ደንቡን እኔ አላውቀውም፣ አንቺ ነሽ የምታውቂው። ለእንስሳ የሚለው ነገር የለውም?»

ሲራድ ሻሿን ከአፏ አወጣች። ዓይኗ ዓይኔ ላይ ነበር።

«የለውም። ተራዎን ይጠብቁ።»

«አይቻልም?»

«አይቻልም፣ አብቲ።»

«እሺ። አንቺ አይቻልም ካልሽ አይቻልም» አሉና ዘጉ።

«ሲራድ» አልኳት፤ «ኸሪፉ ተነሥቷል እኮ።»

«አይታየኝም ብለህ ነው?»

«አንቀጹስ?»

«እሱን ባነሣ ምን እንደሚሉኝ ታውቃለህ።» የመርከቦቹን ዝርዝር ወደ ራሷ ሳበች። «ለአጎቷ ስትል ደንብ ፈጠረች ነው የሚሉት። ሁሉም። ማን አንቀጹን ከፍቶ ያያል? ብረቱን ጥራልኝ።»

ወንበሩ የሷ ነው። የብረቷን መርከብ ጠራሁ፤ ጎታች ጀልባዎቹ ወጥተው አስገቧት።

የስንዴዋ መርከብ ነፋሱ በረድ ሲል ተጎትታ ወጥታ የበጎቹ መርከብ እስክትጠጋ ድረስ ቀኑ መሸ። የሆነውን ልዘርዝረው አልፈልግም። የሞቱትን እግራቸውን ይዘው እየጎተቱ አጥሩ ጥግ ሲከምሯቸው ሲራድ ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ ተቀመጠች። የተረፉት ተጫኑ። ሐጂ ዋርሳሜ የመጨረሻዋ በግ እስክትገባ ቆመው ጠበቁ፤ ወደ ማማው ግን ቀና ብለው አላዩም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ምስጋና ነው ያበሳጨኝ። ቡረሌ ራሱ ሻይ ቤት ቆሞ «ለአጎቷ ያላዳላች ልጅ፣ እንዲህ ነው ትምህርት ማለት» እያለ ሰበከ። ሊያጽናኑ የመጡትን ደግሞ ሐጂ ዋርሳሜ «ንብረት ይመጣል ይሄዳል፤ ያሳደግኳት ልጅ ቀጥ ያለች መሆኗን አይቻለሁ። ይህ ይበቃኛል» አሏቸው። ይህን ሲሉ በእውነት ደረታቸው ተነፍቶ ነበር። ሲራድ ሰው ባመሰገናት ቁጥር ትከሳለች። ምግብ አልወርድ ብሏት የመጣላትን የላሆህ ቂጣ ወደኔ ትገፋልኝ ጀመር።

መምህር ምዋቺሮ ፊት የቀረበች ዕለት የሬዲዮውን ቅጂ እንዳሰማ ስለተጠራሁ እኔም ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ። ቀኖቹን አንድ በአንድ ጠየቋት፤ ሳትደናቀፍ መለሰች። ወደዚያ ቀን ደረሱ።

«ብረቱ ለምን ቀደመ?»

«ቀድሞ ስለመጣ።»

«ነፋስ ነበር?»

«ነበር።»

«የእንስሳቱን አንቀጽ ታውቂዋለሽ?»

«አውቀዋለሁ፣ መምህር።»

ዝንጅብላቸውን በጉንጫቸው አዛወሩት። «በጎቹ የማን ነበሩ?»

«የአጎቴ።»

«የማታውቂው ሰው በጎች ቢሆኑስ?»

እዚህ ላይ መዋሸት ትችል ነበር። «ነፋሱ የሚበርድ መስሎኝ ነበር» ብትል ማንም አይሞግታትም፤ እንድትለውም በልቤ እለምን ነበር። ሻሿን ያዘች፣ ለቀቀችው።

«አስገባቸው ነበር» አለች። «ነፋሱ እንደተነሣ።»

«ስለዚህ ላለማዳላት ብለሽ ነው።»

«አዎ።»

«አዳላሽ እኮ፣ ልጄ። በአጎትሽ ላይ አዳላሽ» አሏት። ቁጣ የለባቸውም። «ወንበሩን አሁን ልሰጥሽ አልችልም። በሚቀጥለው ዙር ተመልሰሽ ትቀመጫለሽ።»

ወሬው ደረጃውን ቀድሟት ወረደ። ከተማው የሰማው ግማሹን ነው፤ የሞምባሳው ሰው ሲራድን ለአጎቷ ስላላዳላች ጣላት ተባለ። በማግሥቱ ጠዋት ሐጂ ዋርሳሜ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው መጡ። ሽማግሌዎቹ ደረጃው አቅቷቸው ታች ቀሩ፤ እሳቸው ግን እያለከለኩ ማማው ላይ ወጡ።

«የታለ ያ መምህር?» አሉ። «በጎቼ ሲያልቁ ዝም ያልኩት ልጄ ትክክል ሠርታለች ብዬ ነው። ትክክል ከሠራሽ እንዴት ይጥልሻል? ንገሪኝ፣ ወዴት ነው ቢሮው? በሽማግሌ እናናግረዋለን።»

ሲራድ ተነሥታ ቆመች። «አብቲ፣ ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም።»

«መምህሩ ልክ ናቸው።» ወንበር ወደሳቸው ገፋ አደረገችላቸው። «የዋሸሁዎት እኔ ነኝ። ደንቡ ለእንስሳ የሚለው አለው። ነፋስ ከተነሣ እንስሳ ይቀድማል ይላል። ያን ቀን ሲደውሉ አውቀው ነበር።»

አጎቷ እኔን አዩኝ። ሐሰት ነው እንድላቸው ይመስለኛል። እኔ ወለሉን አየሁ።

«ያስገባኝ ነበር?»

«ያስገባዎት ነበር።»

«ማንንም ሰው?»

«ማንንም ሰው። ከተማው ለአጎቷ አደላች እንዳይለኝ ፈርቼ ነው። ከፍርሃት በቀር ሌላ ምክንያት አልነበረኝም፣ አብቲ። ይቅር ይበሉኝ።»

ወንበሩን ስበው ተቀመጡ። ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉትና ላባቸውን ጠረጉ። ታች ያሉት ሽማግሌዎች «ሐጂ፣ እንውጣ ወይስ ይወርዳሉ?» እያሉ ይጣራሉ። እሳቸው ዓይናቸው ኮፍያው ላይ ነው። ሊጮሁባት ነው ብዬ ጠበቅሁ፤ ሲራድም የጠበቀችው ይህንኑ ነበር፣ ትከሻዋን ሰብስባ ቆማለች። እሳቸው ግን ቀና ብለው አዩዋትና ዋጋ እንደሚያጣራ ሰው ረጋ ብለው ጠየቋት።

«ታዲያ ባዳ ብሆንልሽ ይሻለኝ ነበር?»