ቧንቧው ሲንኳኳ

ልደታ ኮንዶሚኒየም ውሃ ጠፍቶ ሰንብቶ ሲመለስ፣ ቧንቧው መጀመሪያ ያስላል፣ ቀጥሎ ይንኳኳል። ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ከዚያ ዝገት ዝገት የሚሸት ቡናማ ውሃ ይተፋል። ሌላው ሰው ባልዲውን ይዞ ይሮጣል። የእኔ እጅ ግን ቀድሞ ሬዲዮ ለመዝጋት ይዘረጋል። ይኸው ስንት ዓመቴ፣ አልተወኝም።

እናቴ ተዋናይ ነበረች። ተዋናይ ስላችሁ ሰው መንገድ ላይ የሚያስቆማት ዓይነት አይምሰላችሁ። በሙዚቃዊ ቴአትር መድረክ ላይ አሮጊትም፣ ጎረምሳም፣ ንግሥትም ሆና ዘፍናለች፤ ሲያልቅ ቀለሙን ከፊቷ ጠርጋ ታክሲ ተሰልፋ ትመጣለች፣ ማንም ዞር ብሎ አያያትም። እንጀራችን የወጣው ግን ከጉሮሮዋ ነው። የሬዲዮ ድራማ፣ የሳሙና ማስታወቂያ፣ ወደ አማርኛ የሚመለሱ የውጭ ተከታታይ ፊልሞች። በአንዱ ፊልም አማቲቱም ምራቲቱም እሷው ነበረች። ሁለቱ ሲጣሉ ከሰንጋ ተራ እስከ ጌጃ ሰፈር ያለው ቤት ሁሉ ጎራ ለይቶ ይከራከር ነበር፤ እሷ ደግሞ ወጥ እያማሰለች ትስቃለች።

የምታጠናው ወጥ ቤት ውስጥ ነበር። እዚህ ቤት በገባን ሰሞን፣ ልጇ የሞተባትን ሴት ሆና ስታለቅስ ጎረቤቶች እውነተኛ መርዶ መስሏቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። አንዷማ ገና ደረጃው ላይ ደረቷን መምታት ጀምራ ነበር። የእድሩ ዳኛ "ድንኳኑ የት ይተከል?" እያሉ ሲጠይቁ እናቴ ጭልፋዋን እንደያዘች በሩን ከፈተች። ያን ቀን ያልሳቀ አልነበረም። ከዚያ ወዲያ ግን ሕግ ወጣ።

"ቧንቧውን በማንኪያ ካንኳኳሁ ቴአትር ነው" አለቻቸው። "ሳላንኳኳ ከጮህኩ ግን የእውነቴን ነውና ድረሱልኝ።"

ቧንቧው ከላይ እስከ ታች በየወጥ ቤቱ ስለሚያልፍ፣ ማንኪያው ሲያርፍበት ፎቁ ሁሉ ይሰማል። ሬዲዮ ይዘጋል፣ ልጆች ዝም በሉ ይባላሉ፣ የታችኛዋ ጎረቤታችን፣ ከወሎ የመጡት ሴትዮ፣ በርጩማቸውን ደረጃው ላይ አውጥተው ጉልበታቸውን አቅፈው ይቀመጣሉ። ቲኬት የማይቆረጥበት ቴአትር የት ይገኛል!

ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሕንጻው ጸጥ ብሏል። ፀሐይ በደረጃው መስኮት ገብታ ሲሚንቶው ላይ ተኝታለች፣ ከአንዱ ቤት የሚቁላላ ሽንኩርት ይሸታል። የሬዲዮ ድምፅ የለም፣ የልጅ ጫጫታ የለም። ጎረቤታችን በርጩማቸው ላይ ናቸው። ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉልኝ።

"ቀስ በይ ልጄ" አሉኝ በሹክሹክታ። "እናትሽ ልትጀምር ነው። ዛሬስ ደጋግማ ነው ያንኳኳችው፤ ከባድ ነገር ሳይሆን አይቀርም።"

ጫማዬን አውልቄ በእጄ ይዤ ወጣሁ። ደስ ብሎኝ ነበር የወጣሁት።

እናቴ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ወድቃለች። ግማሽ ፊቷ ወርዷል። ቀኝ እጇ አልታዘዝ ብሏት ማንኪያውን በግራዋ ይዛለች። አፏን ከፈተች፤ ያ ሁሉ ሰው የኖረበት ጉሮሮ አንዲት ቃል አላወጣም። ዓይኗ ቧንቧውን ያያል፣ እኔን ያያል፣ መልሶ ቧንቧውን ያያል።

እኔ ሳላንኳኳ ጮህኩ። ያኔ ሕንጻው ሁሉ ደረሰ።

ሐኪሙ "ቶሎ መጥታ ቢሆን ኖሮ" ብሎ ጀመረና የቀረውን ዋጠው። እሷ ወደ ቤቷ ተመለሰች፣ ድምፅዋ ግን አልተመለሰም። ይባስ ብሎ ፊልሙ አላለቀም። አስቀድማ የቀዳችው እየተላለፈ፣ ምሽት ምሽት ቴሌቪዥኑ ውስጥ አማትም ምራትም ሆና ትሰዳደባለች፤ ሶፋው ላይ ደግሞ ውሃ ለመጠየቅ ቃል አጥታ በጣቷ ታሳየኛለች። ልዝጋው ስላት እጄን ትይዛለች። አንድ ምሽት አማቲቱ በሌላ ሴት ድምፅ ተናገረች። እናቴ ትንሽ አዳመጠቻት፤ ከዚያ ሪሞቱን አንስታ ራሷ ዘጋችው። ክረምቱ ሳይወጣ ሞተች።

ለቅሶው ላይ ጎረቤታችን ጥግ ይዘው "በጆሮዬ እየሰማኋት" ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልነበራቸውም። "አብሽሩ፣ የአላህ ሥራ ነው" ሲሏቸው አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። ልቀየማቸው ሞክሬ ነበር፤ ሆዴ እምቢ አለኝ። እናቴን እንደ እሳቸው ያዳመጣት ማን ነበር?

ዛሬ ጠዋት ውሃው መጣ። ቧንቧው ሲንኳኳ ሬዲዮዬን ዘግቼ ቆምኩ፤ የሚቀጥለውን አውቀዋለሁ። ከታች በር ተከፈተ። ምርኩዝ ደረጃውን ይመታል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ይመታል። አርጅተዋል፣ ጉልበታቸውም ከድቷቸዋል። ውሃ ነው፣ አይድከሙ ብዬ ብዬ ሰልችቶኛል።

"አለሽ ልጄ?" አሉ ከበሩ ውጭ እያለከለኩ።

"አለሁ እማማ። ውሃው ነው።"

"አልሐምዱሊላህ። እስቲ ሌላም አውሪኝ፤ ድምፅሽን ልስማው።"

በሩን ከፍቼ፣ ባልዲው ሞልቶ እስኪፈስ ድረስ፣ አፌ ላይ የመጣውን ሁሉ አወራሁላቸው።