ለጁነዲን ቤዝ የተመረጠችው ሳጥን

ጁነዲንን የማያውቅ የሸማ ተራ ሰው አልነበረም፤ ቤዝ ጊታር መምታቱን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ቀን ቀን ከሱቄ ፊት ለፊት በረንዳው ላይ የሲንጀር ስፌት መኪናውን ዘርግቶ የጋቢ ጠርዝ ይቀመቅማል፣ ቀሚስ ያጠባል፣ ያረጀ ኮት ገልብጦ አዲስ ያስመስላል። ክርና ቁልፍ የምሸጥለት እኔ ስለነበርኩ ጉዱን ሁሉ አውቃለሁ። የወረኢሉ ሰው ነው፤ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሲራመድ እንኳ በልቡ ምት የሚቆጥር የሚመስል።

ቤዙ የደረሰው ሌላው ሁሉ ስለሸሸው ነው። ለቀበሌያችን ኪነት ቡድን መሣሪያ ሲታደል ሰዉ ሊድ ጊታሩና ማይክራፎኑ ላይ ተረባረበ፤ ባለ አራት ክሩ ወፍራም ጊታር ጥግ ቆሞ ቀረ። ጁነዲን አነሳው። አነሳው ነው የምላችሁ፤ ከዚያ ወዲያ ማን ያስቀምጠው!

በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት ነሐሴ ሲገባ፣ አንድ የሆቴል ባንድ የሚመራ ጋሼ አሸብር የሚባል ሰው ትርኢታችንን ሊያይ መጣ። ቤዝ የሚመታለት ሰው ጠፍቶበት ነበር። ትርኢቱ ሲያልቅ ጁነዲንን ወደ ጥግ ጠራው፤ እኔም ሳልጠራ ተከተልኩ።

«ጆሮህ ግሩም ነው» አለው። «እጅህ ግን መዶሻ ነው። የት ነው የምትለማመደው?»

«ቤቴ።»

«በምን?»

ጁነዲን አፈረ። ትልቁ አምፕሊፋየር የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ይቆለፍበታል፤ ቤት ይዞ የሚሄደው ጊታሩን ብቻ ነው። የኤሌክትሪክ ጊታር ያለ አምፕሊፋየር ዲዳ ነው። ስለዚህ የጊታሩን አናት ቁም ሳጥኑ ላይ አስደግፎ ባለ በሌለ ኃይሉ ይመታል፤ ጣውላው ትንሽ እም... ይላል፤ በዚያች እምታ ይለማመዳል። ሚስቱ ጀሚላ «ዛሬስ ቁም ሳጥኑ ምን አለህ?» እያለች ትስቅበታለች። ይህን ሁሉ ለጋሼ አሸብር ነገርኩት።

«ይኸዋ» አለ ጋሼ አሸብር። «ለመስማት ብለህ ስትደበድብ እጅህ ደነደነ። ቤዝ የሚለመደው እየሰሙ ነው። ትንሽ አምፕሊፋየር ፈልግ፤ ድምፁ ካንተ ክፍል የማይወጣ፣ ግን በደንብ የተሠራ። ሦስት ሳምንት እሰጥሃለሁ። እጅህን አለስልሰህ ከመጣህ ቦታው ያንተ ነው። ካልሆነ ከናዝሬት የሚመጣ ሰው አለኝ።»

በሠላሳ ስምንት ዓመቱ ሌላ የሚጠራው ባንድ እንደማይኖር እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

በማግስቱ ሁለታችንም ሥራችንን ዘግተን፣ ጊታሩን ይዘን ምናለሽ ተራ ወረድን። አንዱ ደላላ ቀይና አረንጓዴ መብራት የሚያበራ፣ ቁም ሳጥን የሚያህል ነገር አሳየን። «ይሄ ሲጮህ እህል በረንዳ ድረስ ይሰማል» አለ።

«እኔ እህል በረንዳ አልሰማም» አለው ጁነዲን። «የምሰማው ቤቴ ነው።»

«ታዲያ ሬዲዮ አትገዛም?»

ስቀን አለፍን። ሬዲዮ ላይ ቤዝ የሰካ ሰው የስፒከሩ ወረቀት እንዴት እንደሚተረተር ያውቃል።

በመጨረሻ ከአውቶቡስ ተራ ጀርባ ሬዲዮ የሚጠግኑት ጋሼ ቶላ ዘንድ ደረስን። ስድሳ ያለፋቸው፣ መነጽራቸው በሽቦ የታሰረ ሰው ናቸው። በእጃቸው የሠሯቸው ሦስት አምፕሊፋየሮች ነበሯቸው። ጁነዲን ሦስቱንም ዞረና ትንሿን፣ ወንበር ሥር የምትገባውን አነሳ። ትንሽ ብትሆንም ከበደችው። ደስ አለው።

«ጀርባዋን ይክፈቱልኝ» አላቸው።

«ሰው በድምፅ ይመርጣል፤ አንተ በጀርባ ትመርጣለህ?»

«ልብስ የሚመረመረው ተገልብጦ ነው፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው ብሎኖቹን ፈቱ። የማየው ነገር ስፌት መሰለኝ እላችኋለሁ። ሽቦዎቹ በሰም በተቀባ ክር፣ በእኩል እኩል ርቀት ታስረዋል፤ ብየዳው ክብ ክብና የሚያበራ ነው፤ ሳጥኑ ዝግባ ነው፣ ማዕዘኑ በኮላና በብሎን እንጂ በምስማር አልተያያዘም። ጁነዲን ክሩን በጣቱ ዳሰሰና «ይህ የልብስ ሰፊ እጅ ነው» አለ።

«ለቤዝ ዋናው ሳጥኑ ነው» አሉ ጋሼ ቶላ። «የላላ ሳጥን ያወራል። ያንተን ድምፅ ትቶ የራሱን።» ሊጠጡት የቀረበላቸውን የሻይ ብርጭቆ አንስተው ሳጥኗ ላይ አስቀመጡ። «ምታ፤ ወፍራሙን ክር።»

ጁነዲን ጊታሩን ሰክቶ መታ። ሻዩ ክብ ክብ እየሠራ ተንቀጠቀጠ፤ ብርጭቆው ግን አልተንኳኳም፤ ሳጥኗም ምንም አላለች። ድምፁ ከወለሉ ተነስቶ በጫማዬ በኩል ገባ። አሁን ሳስበው እንኳ ደስ ይለኛል።

ዋጋውን በልዋጭ ጨረሱ፤ ጁነዲን የቤቱን ሬዲዮ ሊሰጥ፣ ከላይ አንድ ኮት ሊሰፋላቸው። እዚያ ላይ ቢቆም ኖሮ! ግን መርካቶ ነዋ፤ ገዝቶ ምራቂ ሳይጠይቅ የሚሄድ ሰው የለም፣ ነውርም ነው።

«ምራቂውስ፣ ጋሼ?»

«ምን ልመርቅልህ? ሽቦ?» አሰቡና «የማይክራፎን መሰኪያ ልክተትልህ፤ አንድ ቀን ይጠቅምሃል» አሉ። ወዲያው በስተው አስገቡለት። ሊሞክሩትም ማይክራፎን ሰክተው በሩ ላይ ወጡና «ሀሎ፣ ሀሎ፣ ይሰማል?» አሉ።

«ይሰማል» አለ መንገዱ ሁሉ። ከመለሱት መሃል አንዱ የቀበሌያችን አብዮት ጥበቃ ነበር፤ እጁን እንኳ አውለብልቦልናል።

ሦስት ቀን ተለማመደ። ሦስት ቀን ብቻ። ሦስተኛው ቀን ከሰዓት ቤቱ ሄጄ ብሰማው ጣቱ ክሩን የሚዳስስ እንጂ የሚመታ አይመስልም። ጀሚላ ምስር እየለቀመች «አሁን ሙዚቃ መሰለ» አለች።

በአራተኛው ቀን የቀበሌው የቅስቀሳ ኃላፊ ጓድ ደመቀ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እየሳቀ ነው የገባው።

«የማይክራፎን መሰኪያ አለው አሉ?»

«ለጊታር ነው፣ ጓድ።»

«እሱማ ነው። የኛው ማጉያ ተቃጥሎብናል፤ የመሠረተ ትምህርት ስብሰባ አለ። ለሁለት ቀን።»

«ፈተና አለብኝ፣ ሦስት ሳምንት እንኳ አልቀረኝም።»

«ጁነዲን፣ ጊታሩ የማን ነው?»

«የቀበሌው።»

«ሰፊው ሕዝብ ጊታሩን ላንተ ሰጠ። አንተ ለሰፊው ሕዝብ ሁለት ቀን ሳጥን ትነፍጋለህ?»

ጁነዲን ጀሚላን አየ። ጀሚላ ምስሯን አየች። መሰኪያዋ ባትኖር ኖሮ ሳጥኗ ለስብሰባ የማትረባ እንጨት ነበረች፤ ጓድ ደመቀም ደጃፉን አይረግጥም ነበር። ሳጥኗን ጁነዲን ራሱ ተሸክሞ ቀበሌ ድረስ አደረሰለት።

ሁለቱ ቀን ሲያልፍ ሄድን። የጽዳት ዘመቻ ደርሷል ተባልን። ከዚያ የእናት አገር ጥሪ መዋጮ። ከዚያ የጽሕፈት ቤቱ ቁልፍ የያዘው ሰው ለቅሶ ሄዷል። «ነገ» ይሉናል፤ ቁጣ እንኳ የለበትም፣ እንደ ሰላምታ ነው የሚሉት። ጁነዲን ሁለተኛው ሳምንት ላይ መጠየቁን ተወ። ጀሚላ ቁም ሳጥኑ ተመልሶ ጮኸ አለችኝ፤ ይህን ስትነግረኝ አልሳቀችም።

የፈተናው ቀን ሆቴሉ ድረስ ሸኘሁት። አዳራሹ ባዶ ነው፤ ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠዋል። የሆቴሉ አምፕሊፋየር የሰው ቁመት ያህላል። ጁነዲን የመጀመሪያውን ዘፈን ጀመረ፤ ክሩ ከእንጨቱ ጋር ሲጋጭ እንደ በር መዝጊያ ይንኳኳል። መሃል ላይ ለጥቂት ጊዜ ለሰለሰ፣ ከበሮ መቺው ቀና ብሎ አየው፤ ከዚያ ወዲያው ያ መዶሻ ተመለሰ። ሁለተኛው ዘፈን ሳይጋመስ ጋሼ አሸብር እጁን አነሳ።

«አንዳንድ ቦታ ላይ ለስልሷል» አለ። «ጀምረህ ነበር። የቀረውስ የት ሄደ?»

«ቀበሌ ነው» አለ ጁነዲን።

ከበሮ መቺው ከበሮውን ያጠባብቅ ጀመር። ጋሼ አሸብር ጁነዲንን ትከሻውን ነካ አደረገውና «ወንድሜ፣ እኔ ቅዳሜ ሥራ አለብኝ» አለው።

ሰኞ ዕለት ጊታሩን ለኪነት ቡድኑ መለሰ። ንብረት የምትረከበው ማሚቱ «ሌላ ሰው እስኪገኝ ያዘው እንጂ» ብትለው ፈርሞ ወጣ። ሳጥኗ እስከ አዲሱ ዓመት ስብሰባ ላይ ስትናገር ሰማኋት፤ ጥርት አድርጋ። በኋላ ድምጿ ጠፋ፤ ማን እንደወሰዳት አላወቅንም።

ከዘመን መለወጫ በኋላ በአንዱ ቅዳሜ፣ ሱቄን ልዘጋ ስል፣ «ሆቴሉ በር ላይ ቆመን የናዝሬቱን ሰው ለምን አንሰማውም?» አልኩት።

«መስቀል ደርሷል፤ የሰው ጋቢ ይዣለሁ» አለኝ፣ ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል። «ነጭ ክር አለህ?»

ሰጠሁት።