አጥንት ቆጥሬ ያፈርኩበት ቀን

ነገሩ የሆነው ካቻምና፣ ከፋሲካ በኋላ ነው። ወደ ቤሌ የሚሄድ መኪና ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ሱቄ ሶዶ መናኸሪያ አጠገብ ስለሆነ ደግሞ በቀን አሥር ጊዜ አያለሁ።

የምነግደው ደረቅ ዝንጅብል ነው። ሰብሬ ቀጭ ሲል ካልሰማሁ አልገዛም። ሰውንም እንደዚያው የማውቅ ይመስለኝ ነበር።

እህቴ ቤሌ አስተማሪ አግብታ ትኖራለች። ባሏ ሽማግሌ የላከ ጊዜ፣ «የኛ አጥንት የታወቀ ነው፤ የእናንተ ይቆጠር» ብዬ ሰባት ትውልድ ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ።

ካቻምና የእጇ አንጓ ተሰበረ። በዓመት ውስጥ ሁለተኛ ስብራቷ ነው። «ወንድም ጋሼ፣ የጎደሬ ቅርጫት ብድግ ሳደርግ ቀጭ አለ» አለችኝ። ጎደሬ እጅ ሲሰብር ሰምቼ አላውቅም። እሑድ ቤሌ ሄድኩና ባሏን ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ጠበቅሁት። ሰው ሁሉ በቆመበት፣ «ሚስት ደብድቦ መዝሙር መምራት አለ እንዴ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ እጄን አንስቼባት አላውቅም» አለ። ማን ሰምቶት! እህቴን እያለቀሰች ይዤ ሶዶ ተመለስኩ።

በማግስቱ ሆስፒታል ወሰድኳት። ሐኪሙ ራጁን አይቶ፣ «አጥንቷ ሳስቷል» አለ። ስለ እናታችን ጠየቀኝ።

«ከተቀመጠችበት ዱካ ላይ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። እርጅና ነው።»

«አክስት?»

«ጎብጣ ነው የሞተችው።»

«እርስዎስ?»

እኔን ቀድማ እህቴ፣ «ሲያስለው ጎድኑ ተሰንጥቆ ነበር፤ አልጋው ነው ብሎ አልጋ ቀየረ» አለችው።

ሐኪሙ አልሳቀም። «ምግቡም ሥራውም ድርሻ አለው፤ ብዙው ግን በዘር ይወርዳል» አለ። አዲስ አበባ ልኮን የአጥንታችን ጥንካሬ ተለካ። የሁለታችንም ሳስቷል። የታወቀው አጥንታችን ይኸው ነው።

እህቴን ወደ ቤቷ መለስኳት፤ በግ ጎትቼም ባሏን ይቅርታ ጠየቅሁት። አስገብቶ አበላኝ። ስወጣ ግን፣ «ጋሼ፣ በአደባባይ የሰበሩትን በጓዳ ነው የሚጠግኑት?» አለኝ። ለካ ከዚያ እሑድ ወዲህ ቤተ ክርስቲያኑ መዝሙር መምራቱን አስቁሞታል።

ከዚያ ወዲህ ስንት እሑድ አለፈ። ቤሌ ሄጄ እዚያው ሰው ፊት ጥፋቴን ልናገር እላለሁ፤ ሳልሳፈር መኪናውን እሸኛለሁ። በአፌ የምኖር ሰው አፌ ተያዘ።

ይህን የጻፍኩት ቤሌም ስለሚነበብ ነው። መምህሩ ሚስቱን አልነካም። እጇን የሰበረው የኛ ቤት አጥንት ነው፤ የእሱን ስም የሰበርኩት ደግሞ እኔ።